ይገባዋል ባዮች

"ልቀቀው አልኩህ!"

"ቲቸር፣ እባክዎ! ሰው እያየን ነው።"

"ይየና! ልቀቅ!"

ርዕሰ መምህሩ የክርክር ክበቡን መዝገብ አንድ ጫፍ፣ የታሪክ መምህርቷ ሌላውን ጫፍ ጨብጠው በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ሥር ይጓተታሉ። እሱ ክራባት ያሰረ የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ እሷ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ተማሪ ሳለ እዚሁ ክፍል ውስጥ አስተምራዋለች። አለቃዋ ከሆነ በኋላም "ቲቸር" ማለቱን ያልተወው፣ እሷም ንዴት ሲነሳባት "አንተ" የምትለው ለዚህ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ተማሪዎቹ ይህን ጉተታ አይተው ለሳምንት የሚበቃ ሳቅ ያገኙ ነበር።

ዛሬ የሚስቅ የለም። መስኮቱ አጠገብ ከትምህርት ቢሮ የመጣ ሰው ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ላይ ቀጭን ማኅደር የያዘ።

"እናቴ፣ መዝገቡን የሚቀማዎት የለም" አለ። "አንዲት ገጽ ናት። እዚሁ እርስዎ ፊት አይቼ እመልስልዎታለሁ።"

"እናቴ" ማለቱ ከጉተታው ይበልጥ አበሸቃት። ጣቶቿ ግን ዝለዋል፤ ለቀቀች። ርዕሰ መምህሩ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ የመስታወት ዕቃ መደርደሪያውን ከመግጨት ለጥቂት ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቷ የትምህርት ቤቱን የክርክር ክበብ ሃያ ሦስት ዓመት መርታለች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውሃ ከማይመጣባቸው የቤተ ሙከራው ገንዳዎች መሐል ስምንት ተማሪዎች አራት በአራት ሆነው ይፋጠጣሉ። ርዕሱን የሚያቀርቡትም የሚመርጡትም ራሳቸው ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት በድምፅ ብልጫ አልፎ ባለፈው ሐሙስ የተከራከሩበት ርዕስ "የአገሪቱ መሪ ፋሺስት የሚለው ስም ይገባዋል ወይስ አይገባውም?" የሚል ነበር። ወረቀቱን ስታነበው ልቧ ድንግጥ ብሎ ነበር። ግን ዕድሜዋን ሙሉ "እዚህ ክፍል ውስጥ የማይጠየቅ ጥያቄ የለም" ስትል ኖራ እንዴት አድርጋ ትመልሰው? አሳለፈችው። ከክርክሩ በኋላ ቅዳሜ ጠዋት የአንዲት ተማሪ ንግግር አንድ ደቂቃ ተኩሉ ተቆርጦ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ዋለ። ይኸው ሰኞ ገና በሦስት ሰዓት የቢሮው ሰው ከተፍ አለ።

"'ስሙ ይገባዋል ባዮች'" ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። "አራት ስም። አንደኛ ተናጋሪ የልብስ ሰፊው ልጅ። ስልክ ላይ ያለችው እሷ አይደለች?"

"ናት" አለች መምህርቷ። "ግን የተናገረችው የደረሳትን ነው። እኛ ጋ ወገን የሚለየው በዕጣ ነው። እዚህች የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ስምንት አዝራር አለ፤ አራት ነጭ፣ አራት ጥቁር። ነጭ ያወጣ ይገባዋል ይላል፣ ጥቁር ያወጣ አይገባውም ይላል። ያመነበትን አይደለም፣ የወጣለትን ነው የሚከራከረው። ትምህርቱ እሱ ነው።"

የቢሮው ሰው ገጹን ገለበጠ፤ ሌላም ገለበጠ። "አዝራር የሚል አላየሁም።"

አልነበረምም። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በሞሉት አምስት መዝገቦች ርዕሱ አለ፣ ቀኑ አለ፣ የተናጋሪዎቹ ስም አለ፣ ነጥቡ አለ፣ የዳኛዋ ፊርማ አለ። ዕጣ ስለመውጣቱ ግን አንዲት መስመር አልተጻፈም። የቱ ተማሪ ነው የማያውቀው? የጽዳት ሠራተኞቹ እንኳ ያውቁታል። ሰው በሩን ከፍቼ ገባሁ ብሎ አይጽፍም። አሁን ግን ያቺ ያልተጻፈች መስመር አራት ልጆች ማጅራት ላይ ቁጭ አለች። መምህርቷ በራሷ ተናደደች፤ ተናዳም ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች።

"ንገረዋ! አንተ ራስህ ከዚህ ካርቶን ስንቴ አዝራር አወጣህ? 'ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መግባት የለባትም' ብለህ ተከራክረህ አላሸነፍክም? እህቶችህን ከትምህርት ቤት አስወጣሃቸው እንዴ?"

"ያ የድሮ ነገር ነው፣ ቲቸር።"

"የድሮ ነገር?"

ርዕሰ መምህሩ ክራባቱን አስተካከለ።

የቢሮው ሰው መዝገቡን በሁለት እጁ በአክብሮት መለሰላትና ጉዳዩን አስረዳ። በክቡርነታቸው ላይ የተነዛ ስም ማጥፋት ነው። ከላይ መልስ ይፈለጋል። ቢሮው ልጆችን መጉዳት አይፈልግም፤ አራቱንም ከትምህርት ገበታ ማባረር ይቻል ነበር፣ ግን አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ስሙ ተጽፎ፣ በመምህርቷ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶ ከመጣ በቂ ነው። የተጻፈው ልጅ ዘንድሮ የማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም። ፈተናው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። እናቴ ደግሞ እንዳይጨናነቁ። አንድ ስም ነው።"

ሲወጣ በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

መምህርቷ ሐሙስ የሆነውን ታስታውሳለች። የልብስ ሰፊውን ልጅ ተማሪዎቹ "ጠበቃዋ" ይሏታል። የመሪው ፎቶ ደብተሯ ላይ ተለጥፏል፤ ከልቧ የምትወደው ነው፣ አስመስላ አይደለም። ነጭ አዝራር እጇ ላይ ሲያርፍ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ቲቸር፣ ልቀይር" ብላ ለምናም ነበር። አዝራር አይቀየርም። ሦስት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ከርማ መጣችና ተናገረች። ጨካኝ ስለሆነ አይደለም አለች፤ ጨካኝ ብዙ ነው። ነገር ግን አገሪቱን በራሱ ስም ሲጠራት፣ ጋዜጦቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ ዱላ የያዙ ወጣቶች አረንጓዴ ሰደርያ ለብሰው ቤት ለቤት ሰው ሲመዘግቡ፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ ስም አለው። "ክቡርነታቸው በሦስት ንግግር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ 'አረም' ብለዋል" አለች። "ስለ እርሻ እያወሩ አልነበረም።"

ቀጥሎ "ረጅሙ" የሚሉት ልጅ ተነሳ። የጋዜጠኛ ልጅ ነው፤ አባቱ ከታሰረ ዘጠኝ ወሩ። የደረሰው ጥቁር አዝራር ነበር። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ፤ አባቱን ላሰረበት ሰው እንዴት ብሎ ሊሟገት ነው? ተሟገተ። "ራስ ምታትን ሁሉ ዕጢ ካልነው፣ ዕጢ የያዘው ሲመጣ ሐኪሙ አያምነውም" አለ። ፓርላማ አለ አለ፤ እንቅልፋም ቢሆንም አለ። ሳቁ። ከዚያ ዙሪያውን በእጁ አሳየ። "ይህን ጥያቄ እዚህ ቁጭ ብለን እየተከራከርንበት ነው። በሩን የሰበረ የለም። መጥቶ ስማችሁን ስጡ ያለን የለም። ያ ቃል በሚገባው ሰው አገር እንዲህ ያለ ሐሙስ አይኖርም።"

ጠበቃዋ ለመልስ ተነሳች፤ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። "መልስ የለኝም" ብላ ተቀመጠች። መልስ ያልተገኘለት ክርክር በክበቡ ደንብ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። መምህርቷም ሰጠች። አይገባውም ባዮች ሠላሳ ስምንት፣ ይገባዋል ባዮች ሠላሳ ስድስት። በቅን ልቦና የፈረደችው ፍርድ ነበር፤ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ እንኳ ደስ ብሏት ነበር።

መምህራን ማረፊያው ውስጥ ወሬው ቀድሟታል። የሒሳብ መምህሩ ሻይውን እያማሰለ ጠበቃት።

"ጥያቄው ራሱ ነው ስህተቱ" አላት። "ፋሺስት ለመባል መስፈርት አለው። ሰባት ይሁን አሥር አላውቅም። ሰባት እንበል። ሰውየው አራቱን አሟልቶ ሦስቱ ከጎደሉት ምን ልትይው ነው? ሃምሳ ሰባት በመቶ ፋሺስት?"

"አንተ ጋ ማለፊያው ሃምሳ አይደለም እንዴ?"

የሒሳብ መምህሩ ማማሰሉን አቁሞ በሩን ዞር ብሎ አየ። "ቀስ በይ እንጂ፣ እመቤቴ። አምባገነን በይው፣ ማን ከለከለሽ? ክፉ በይው። ለምን የግድ ያንኛው ቃል? እሱን ቃል ስትናገሪ ሰው ጆሮውን ይደፍናል። እኔም ደፈንኩ፣ እውነቴን ነው።"

"እኔኮ ምንም አላልኩም! ሃያ ሦስት ዓመት ምንም ብዬ አላውቅም። ዳኛ ነኝ። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዕጣ አውጥታ ተናገረች፣ ሌላው በዕጣው መለሰላት፣ እኔ ነጥብ ሰጠሁ። ከዚህ ውስጥ የቱ ነው ፈተና የሚያስከለክለው?"

"እሱማ..."

"እሱማ ምን?"

ሻይውን ተጎነጨ። እሷም እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትደርስ ልብስ ሰፊው ከነልጁ ገብቷል። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣው፤ የኮቱ ደረት ላይ የመሪው ምስል ያለበት ባጅ ያብረቀርቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የደንብ ልብስ፣ እነዚያን አረንጓዴ ሰደርያዎች ጭምር፣ የሚሰፋው እሱ ነው። ልጁ ጥግ ላይ ቆማ የደብተሯን ጠርዝ ትቀዳድዳለች። ዓይኗ አብጧል።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ይላል ልብስ ሰፊው። "እቺ ልጅ የጻፈችው አይደለም! እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተወርቶ አያውቅም። ያ ረጅም ነው የጻፈላት። አብረው ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ ሰው አይቷል። አባቱ ማን እንደሆነ የታወቀ ነው!"

ርዕሰ መምህሩ ፊቱ በራ። ሰው ሸክም ሲያራግፍ የሚያሳየው ዓይነት ብርሃን ነው። "ቲቸር፣ ይኸው መላ ተገኘ" አለ። ወረቀት ከፊቱ አለ፤ አርቅቆታል። "ንግግሩን ያዘጋጀው ሌላ ተማሪ መሆኑን፣ እሷ ሳታውቅ እንዳነበበች... ልጁ መቼም ያው ነው። ነገም ከነገ ወዲያም አንድ ሰበብ ፈልገው ያስወጡታል። ቢያንስ እቺ ትትረፍ።"

መምህርቷ የሰማችውን ማመን አቃታት። "ልጁ'ኮ ያን ዕለት የተከራከረው ለሰውየው ነው! 'አይገባውም' ያለው እሱ ነው!"

"ያን ማን ያያል? ስልክ ላይ የለም።"

"አላፈርክም?"

"አላፈርኩም!" አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። "ስምንት መቶ ተማሪ አለኝ። ስድሳ መምህር አለኝ። አንድ ስም ነው የጠየቁኝ። እርስዎ ሐሙስ ሐሙስ ሲጫወቱ ሰኞ ዋጋውን የምከፍለው እኔ ነኝ!"

"አልጻፈልኝም" አለች ልጅቷ ከጥግ።

ሁሉም ዞሩ። አባቷ "ዝም በይ!" አላት።

"አልጻፈልኝም፣ አባዬ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ክርክሩ ሊፈርስ ይችላል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አንድ ቦታ ስህተት አገኛለሁ ብዬ። እየፈለግሁ ነበር፣ አልፈርስ አለኝ።" ደብተሯን ደረቷ ላይ አቀፈች። "ስለሱ ነው ያለቀስኩት። አዝራሩ ስለደረሰኝ መስሏችኋል።"

ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ከዚያ የመታበትን እጁን አየው፤ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውልቆ መጠቅለል ጀመረ፤ አልጠቀለል አለው። ያለችው አንዲት ልጅ ናት። መምህርቷ ይህን ሰው ልትጠላው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም፤ ያም ራሱ አናደዳት።

ረጅሙን አስጠሩት። ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ጭንቅላቱ ጉበኑን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አስረዳው። ልጁ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"የኔን ስም ጻፉት" አለ።

"ምን?" አለች መምህርቷ።

"ቲቸር፣ ችግር የለውም። እኛ ቤት ተለምዷል። እናቴ አንድ ስንቅ ታመላልሳለች፣ ሁለት ቢሆንባት ያው መንገድ ነው።" ፈገግ ሊል ሞከረ። "እሷ ሕግ ልትማር ነው የምትፈልገው። እኔ ምን እንደምማርም ገና አልወሰንኩም።"

በዚህች ጊዜ መምህርቷ ቆሽቷ አረረ። የቢሮው ሰው እንዲያ ሲለሳለስ፣ ርዕሰ መምህሩ ዋጋ ሲያሰላ፣ ልብስ ሰፊው የሌላ ሰው ልጅ አሳልፎ ሲሰጥ የቻለችው ንዴት ይህ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ራሱን ሲያቀርብ ከአቅሟ በላይ ሆነ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ መናገርን ማን አስተማረው? መቼ ተማረው? ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሐሙስ ያልከውን ታምንበታለህ?"

ልጁ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አሰበ። "አባቴ ነው የነገረኝ። በጥየቃ ቀን። ጥቁር ደረሰኝ ስለው ይናደዳል ብዬ ነበር። ሳቀ። 'ጥሩ ነው፣ እኔም ይገባዋል አልልም' አለኝ። 'ገና ነው። ቃሉን ካሁኑ ከጨረሳችሁት ዋናው ሲመጣ ምን ልትሉት ነው?' አለኝ። የራስ ምታቱን ምሳሌም የነገረኝ እሱ ነው።"

"የመጨረሻውንስ? ሐሙስ አይኖርም ያልከውን?"

"እሱን እኔ ነኝ ያመጣሁት" አለ ልጁ። ጫማውን እያየ ነበር። "ጥሩ ነጥብ መስሎኝ ነበር።"

ወደ ክፍሉ ላከችውና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ባሏ ጋ ደወለች። ባሏ መድኃኒት ቤት ነው የሚሠራው። ከጀርባው የደንበኞች ድምፅ ይሰማል። ከአፍ እስከ ገደፉ ነገረችው።

"ፈርሚና ነይ" አላት።

"የልጁን ስም?"

"የፈለጉትን ስም። ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ፣ ሁለት! ጡረታሽን ሊነኩብሽ ነው እኮ። ሰውየው ፋሺስት ሆነ አልሆነ አንቺ ደመወዝሽ ላይ ምን ይጨምራል?"

"ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው ስጥ ቢሉህ ትሰጣለህ? አለቃህ ቢያዝህ?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ሰው የሚሞትበት ነው፤ ይሄም ያው ነው።"

አንዲት ደንበኛ ስለ ሳል ሽሮፕ ትጠይቃለች። "የግፊትሽን ክኒን ወስደሻል?" አላት በመጨረሻ።

"ወስጃለሁ።"

"ዘግቼ ልምጣ?"

"አትምጣ። ሽሮፑን ስጣት ለሴትዮዋ።"

ስልኩን ዘጋችና ወደ ቤተ ሙከራው ወጣች። ከቁም ሣጥኑ የተማሪዎቹን ረቂቆች አወጣች። በክበቡ ደንብ ማንም ተማሪ ንግግሩን መጀመሪያ ለሷ ያሳያል፤ እሷም በቀይ እስክሪብቶ ታርምና፣ ግርጌው ላይ "ታይቷል" ብላ ትፈርማለች። የጠበቃዋ ረቂቅ ስድስት ገጽ ነው። "አሥራ አንድ ጊዜ" የሚለው አጠገብ በራሷ እጅ "ቀኖቹን ጥቀሺ" ብላ ጽፋበታለች። የረጅሙ ረቂቅ ላይም ፊርማዋ አለ። ሁለቱንም አጣጥፋ መዝገቡ ውስጥ ከተተችና አንድ ንጹሕ ወረቀት ይዛ ጻፈች። ሦስት አንቀጽ ናት። ተማሪዎቹ ወገናቸውን የሚያገኙት በዕጣ መሆኑን፣ ርዕሱን ያጸደቀችው እሷ መሆኗን፣ ከክበቡ አንድም ንግግር እሷ ሳታየውና ሳትፈርምበት እንደማይቀርብ፤ ስለዚህ የሚፈለገው አንድ ስም ከታች የሰፈረው መሆኑን። ሙሉ ስሟን ጻፈች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቢሮው ሰው መጣ። ርዕሰ መምህሩም ተከትሎት ገባ። እሱም በእጁ የራሱን ደብዳቤ ይዟል፤ ማኅተሙ ተመትቶበታል፤ የጎደለው የሷ ፊርማ ብቻ ነው። የረጅሙ ስም መሐል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የቢሮው ሰው የሷን ወረቀት ቆሞ አነበበ። ሁለቴ አነበበ።

"እናቴ፣ ይሄ አያስፈልግም ነበር" አለ። ለስላሳ ድምፁ ትንሽ ሻከረ። "እኛ ተማሪ ነው ያልነው። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ባለውለታ ነዎት። እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ከኔ እጅ ይወጣል። ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው። ይገባዎታል?"

"ገብቶኛል።"

"ቲቸር፣ ስለ ፈጣሪ!" አለ ርዕሰ መምህሩ። "ይፈርሙና ይለቅ። እለምንዎታለሁ።" እውነትም ለመነ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ለራሱ ይሁን ለሷ መለየት አይቻልም ነበር። እሷም ልትለይ አልሞከረችም። ደብዳቤውን ከእጁ ተቀብላ ለአራት ቀደደችውና ቅዳጁን ገንዳው ውስጥ ጣለችው። የቢሮው ሰው ቅዳጁን አየ።

"እንግዲያውስ መዝገቡን እወስዳለሁ" አለ።

"ትወስደዋለህ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም።"

"የቱን?"

"ውጤቱን።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጉልበቷ ስለሚያማት ቀስ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ሁለቱም ቆመው ጠበቋት። የሐሙስን ገጽ ገለጠች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴ የሰጠችውን ነጥብ ቀይራ አታውቅም። ወላጅ እያለቀሰ መጥቶ፣ ተማሪ ምሎ ተገዝቶ፣ አንዴም አላደረገችውም። ቀይ እስክሪብቶዋን ከፈተችና እየጻፈች፣ ለሚያዳምጥ ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብላ አነበበች።

"'መጥቶ ስማችሁን ስጡ ያለን የለም' በሚለው ክርክር ለአይገባውም ባዮች ተሰጥቶ የነበረው ሦስት ነጥብ፣ ክርክሩ ከሐቅ ጋር የማይስማማ ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል።"

"ቲቸር!" አለ ርዕሰ መምህሩ።

"አይገባውም ባዮች ሠላሳ አምስት። ይገባዋል ባዮች ሠላሳ ስድስት።"

የቢሮው ሰው እጁን ወደ መዝገቡ ዘረጋ። መምህርቷ በክርኗ ገፋ አደረገችው፤ እንደ ተማሪ ነው የገፋችው፣ ሥራዋን እንደሚያቋርጥ ተማሪ።

"አንተ ልጅ፣ ቆይ" አለችው። "አልጨረስኩም።"

"አሸናፊ፦ ይገባዋል ባዮች" ብላ ጻፈች። ከሥሩ ፈረመች። ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱንም ጻፈችበት።